ጥሩንባው የማይሰማበት ቦታ

ሱቄ ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ነው። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ ለደንበኛ አንድ አግዳሚ ወንበር አለኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ የሠርግ ጥሪ አትማለሁ። ከሁሉም የሚበዛው ግን ማስታወቂያ ነው። የከተማው ማስታወቂያ አብዛኛው በእጄ ያልፋል፤ ሲያልፍም ለዓመታት ሲያናድደኝ ኖሯል። «በተጠቀሰው ዕለት በተጠቀሰው ቦታ እንድትገኙ እናሳስባለን» ይላል። ዕለቱም ቦታውም ግን የትም አልተጠቀሰም። «የት ነው?» ብዬ ስጠይቅ ያመጣው ሰው «ይታወቃል እኮ» ይለኛል። ለማን ነው የሚታወቀው? የሚያውቀው ሰውማ ማስታወቂያ ምን ያደርግለታል?

ቱግ ባይ ነኝ። እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን ጠባዬን ለጎረቤት ሁሉ ስታማ ኖራለች፤ አልዋሸችም። ብሎግ መጻፍ የጀመርኩትም ተናድጄ ነው።

ያን ቀን ለእህቴ ልጅ ክርስትና ዳባት ሄጄ ስመለስ፣ ሚኒባስ ለመያዝ ከእንስሳት ክሊኒኩ ፊት ለፊት ቆሜ ነበር። አንዲት እናት ሦስት በጎች በአንድ ገመድ አስረው በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ከገደሉ አፋፍ ካለ ቀበሌ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው በእግራቸው ነው የመጡት። የበግ ክትባት አለ ተብለው ነበር። ክትባቱ ወደሚቀጥለው ሳምንት ተዛውሯል። ጥበቃው «ማስታወቂያውማ ተለጥፏል» አላቸው፤ በጣቱም አሳያቸው። እውነቱን ነው፣ ተለጥፏል። የተለጠፈው ግን በተቆለፈ ክፍል ውስጥ፣ ከመስኮቱ በውስጥ በኩል ነው።

«ማንበቡንም አልችልም ልጄ፤» አሉኝ ወደኔ ዞረው፣ «ብችልስ በመስኮት ገብቼ ነው የማነበው?» ብለው ሳቁ። እሳቸው ስቀው በጎቻቸውን እየነዱ ተመለሱ። እኔ እስከ ደባርቅ ድረስ ስበግን መጣሁ።

በዚያው ሳምንት ብሎጉን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ጽሑፍ የዳባቱ የበግ ክትባት መቼ እንደሆነ፣ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ግልገል ይከተብ አይከተብ እንደሆነ የሚናገር ነበር። ሦስት ሰው አነበበው። አንዷ እኔ ነኝ። ሁለተኛዋም እኔው ነኝ፣ በሌላው ስልኬ።

አልተውኩትም። ከኮምፒውተሩ በላይ ካርቶን ሰቅዬ አምስት ጥያቄ ጻፍኩበት፦ ምን? የት? መቼ? ማንን ይመለከታል? ምን ይዞ መምጣት ያስፈልጋል? አምስቱን ያልመለሰ ነገር አይወጣም አልኩ። ያልተመለሰ ካለ በእግሬ ሄጄ እጠይቃለሁ። የመታወቂያ ማደሻው ቀን ሲነገር ስንት ፎቶ እንደሚያስፈልግ የነገረኝ ስላልነበረ ሦስት ቢሮ ዞሬያለሁ። ገበያው በበዓል ምክንያት ወደ ማግስቱ ሲዛወር ቀድሜ ጻፍኩ። ሊማሊሞ ላይ ናዳ ወርዶ መንገድ ሲዘጋ፣ ከታች የመጣ ሾፌር አግኝቼ አነጋግሬ መቼ እንደሚከፈት ጻፍኩ። ከሱቄ ቀጥሎ ያሉት ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ የኢድ ሶላት በየትኛው ሜዳ በስንት ሰዓት እንደሚሰገድ ይነግሩኛል፤ እኔም ባጃጆች ሶላቱ እስኪያልቅ ድረስ በዚያ በኩል እንዳያልፉ እጽፋለሁ። አንድ ወዳጄ «ጭላዳና ተራራ ፎቶ አንሺና አውጪ፣ አንባቢው ይጎርፍልሻል» ብሎኝ ነበር። ጭላዳ ስብሰባ የለው፣ ክትባት የለው፣ ምን ብዬ ልጻፍለት?

ቀስ በቀስ ተለመደ። በየጎጡ ስልክ የያዘ ሰው አይጠፋም፤ እሱ ካነበበው መንደሩ ሰማ ማለት ነው። ሰው ማስታወቂያ ሊያሳትም ሲመጣ «በዚያውም በስልኩ ላይ አውጪልን» ማለት ጀመረ። እኔም ኮራሁ። መኩራቴን አልደብቅም፤ ኋላ የመጣው ነገር ከዚያ ኩራት ጋር የተያያዘ ነው።

የሰፈራችንን ቦኖ የሚጠብቁ ሰው ነበሩ። የውሃውን ቁልፍ በጠፍር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ይከፍታሉ። እኔም ልጅ ሆኜ ጀሪካን ይዤ ተሰልፌባቸዋለሁ። ነፍሰ ጡር ትቀድማለች፤ ሽማግሌ ይከተላል፤ የሚገፋ ሰው መጨረሻ ይቀዳል። ይህ ሕጋቸው ነበር፤ እኔም ስለምገፋ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ቀድቻለሁ። ረፋድ ላይ ሲዘጉ ደግሞ አንድ ልማድ ነበራቸው። ቆልፈው ጥቂት ይራመዱና ዞር ይላሉ፤ እንደገና ይራመዱና ዞር ይላሉ። ጀሪካን ይዞ የሚሮጥ ሰው ይኖር እንደሆነ ሦስት ጊዜ ሳያዩ ቤታቸው አይገቡም። ሰው ካዩ ተመልሰው ይከፍታሉ።

አንድ ቀን ንጋት ላይ ዐረፉ። የእድራችን ጥሩንባ ነፊ በየመንገዱ እየነፋ ሲለፍፍ ገና አልጋ ላይ ነበርኩ። ተነሥቼ ለቅሶ ቤት ደረስኩ፣ ከሴቶቹ ጋር አለቀስኩ፣ ከዚያ ሱቄን ከፈትኩ። ማልቀሴ አልቀረም፤ ሥራዬም ግን ሥራ ነው። ቦኖው ሊዘጋ ነው፤ ሰው ጀሪካን ይዞ ይንከራተታል። የእሑዱ የእድር ስብሰባ ተላልፏል። ቀብሩ የገበያ ቀን ላይ ስለዋለ መንገዱ ይጨናነቃል። ይህን ሁሉ ሰው ማወቅ አለበት አልኩና ጻፍኩ። ስማቸውን አላነሣሁም። የሟች ስም በመጀመሪያው ቀን ስልክ ላይ ሲንከባለል ነውር መሰለኝ። ስለዚህ እንዲህ አልኩ፦

«ዛሬ የታችኛው ሰፈር ቦኖ አይከፈትም። ቁልፉን በአንገታቸው አንጠልጥለው ለዓመታት ያጠጡን፣ ከዘጉ በኋላም ጀሪካን ይዞ የሚሮጥ ሰው ይኖር እንደሆነ ሦስት ጊዜ ዞር ብለው ሳያዩ ቤታቸው የማይገቡት አባታችን ዐርፈዋል። ቀብራቸው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

ከዚያ በታች በየትኛው መንገድ መኪና እንደማያልፍ፣ ውሃ የት እንደሚገኝ ዘረዘርኩ። አምስቱም ጥያቄዎች ተመልሰዋል። አራት ሰዓት ላይ አወጣሁት። ስለ ሦስት ጊዜ መዞራቸው የጻፍኩትን ዐረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። እንደዚያ አሳምሬ ጽፌ አላውቅም ነበር።

ከቀብር መልስ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ጥሩንባ ነፊው ሱቄ መጡ። የተላለፈውን ስብሰባ ማስታወቂያ ሊያሳትሙ ነው። ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ጥሩንባቸውን በነጠላ ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ ይዘዋል። ማተሚያው እስኪሞቅ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ያ የምትጽፊው ነገር ዛሬም ወጣ እንዴ?» አሉኝ።

«ወጣ እንጂ ጋሼ። የቀብሩን ሰዓት፣ መንገዱን፣ ሁሉን ጽፌያለሁ።»

«እስተ የት ይደርሳል እሱ?»

ይህን ጥያቄ ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል። «የትም ይደርሳል! ጎንደር በሉ፣ አዲስ አበባ በሉ፣ ውጭ አገር ሳይቀር ይነበባል።»

ጥሩንባቸውን አግዳሚው ላይ አኖሩት። «ልጅቷ ጎንደር ናት እኮ» አሉ።

የሟቹ ብቸኛ ልጅ ጎንደር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ይህን አውቃለሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ግን ያን ዕለት አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለችኝም።

«ነገ የመጨረሻ ፈተና አለባት። ተፈተናው በኋላ አጎቷ ሄዶ፣ አባትሽን ትንሽ አሞታል ብሎ ያመጣታል። ተነገ ወዲያ ንጋት ነው የምናረዳት» አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «እኔ ስነፋ እስተ ወንዙ ማዶ ነው የሚሰማው። ተዚያ ወዲያ ያለውን ሰው በመርዶ ነው የምናደርሰው፤ በሰው፣ በሽማግሌ፣ አጠገቡ የሚይዘው ባለበት። ያንቺው ማንን አስከትሎ ሄደ?»

ጽሑፉን እዚያው ፊታቸው ሰረዝኩት። ስንት ሰው እንዳነበበው ይታያል፤ ማን እንዳነበበው ግን አይታይም። ለአጎቷ ልንገረው ብዬ ተነሣሁ። እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። «አላየችው እንደሆነስ? እሱ ምኑን ያውቅበታል፣ ፊቱ ላይ ያስታውቅበታል። ዝም በይ አሁን» አሉኝ። ማስታወቂያቸውን ይዘው ሄዱ። በማግስቱ ሱቄን ከፍቼ አንድም ነገር ሳልሠራ ዋልኩ። ምናልባት ለፈተና ስታጠና ስልኳን አላየች ይሆናል እያልኩ፣ ይህንኑ እንደ ጸሎት ስደጋግመው ዋልኩ።

በሦስተኛው ቀን ንጋት ለመርዶው ሄድኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ኮቴውን አጥፍቶ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ጋቢ ለብሰው የደረሱት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ጥሩንባ ነፊው ዛሬ ባዶ እጃቸውን ናቸው። በሩን ገፋ አድርገው ሲገቡ እኔ በሩ አጠገብ ስለነበርኩ ውስጡን አየሁ። አልጋው ተነጥፏል። ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ተቀምጣለች። በዚያ ሰዓት ከእንቅልፉ የሚቀሰቀስ ሰው እንደዚያ አይቀመጥም።

ጮኸች፣ አለቀሰች፣ ሴቶቹ ያዟት። ሁሉም እንደ ወጉ ሆነ። ከለቅሶው መሐል አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝና ዐይኗን መለሰች። አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ።

ወሬው ከእኔ አፍ ነው የወጣው። ጥሩንባ ነፊው አልተናገሩም፤ እኔ ራሴ ለአጎቷ ሄጄ ነገርኩት። ተቆጣ፣ ደግ አደረገ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ የእድሩ ስብሰባ ሲደረግ ጉዳዩ ተነሣ። አንዱ ስለ ለቅሶ እንዳትጽፍ ትከልከል አለ። ሌላው ምን ለቅሶ ብቻ፣ ጭራሹን ይዘጋ፣ ከጥንትም ያለ ስልክ ኖረናል አለ። ጭብጨባ ተሰማ። ካጨበጨቡት ውስጥ መታወቂያቸውን በእኔ ጽሑፍ ያሳደሱ ነበሩ፤ አየኋቸው።

ተነሣሁ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤» አልኩ፣ «ቅጣቴን ስጡኝ፣ እቀበላለሁ። ግን መዝጋት ካሣ አይደለም። ብዘጋው ያቺ ልጅ ያየችው ነገር አይመለስላትም። የበግ ክትባት ፍለጋ ዳባት ድረስ የሚንከራተት ሰው ግን እንደገና ይንከራተታል።» ድምፄ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ነበር። ጥሩንባ ነፊው ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ «ለምን እንጨቃጨቃለን? የተጎዳችው ልጅቱ ናት። ይዘጋ ካለች ይዘጋ፣ አይዘጋ ካለችም አይዘጋ» አሉ። ተስማማን። ሽማግሌ አብሮኝ ይሂድ ተባለ።

እኔ ግን ብቻዬን ነው የምሄደው አልኩ። ተንጫጩ። ምክንያቴን ነገርኳቸው። ሽማግሌ ደጇ ቆሞ ይቅር በይ ካላት፣ በዚህ አገር የትኛዋ ልጅ ናት እምቢ የምትል? እንደዚያ አድርጌ የማገኘው ይቅርታ የሷ አይሆንም። ዝጊው ካለችኝም በአፏ ልትለኝ ይገባታል፤ እኔም ጆሮዬ ሊሰማው ይገባል።

በማግስቱ ጠዋት ቤቷ ስሄድ የለችም። እናቷ ወደ ቦኖው ጠቆሙኝ። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነበር። ጥቁር ለብሳ፣ ሌላ ሰው እስኪመደብ ድረስ እኔ እከፍታለሁ ብላ፣ አባቷ ይቀመጡበት በነበረው ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ሰልፉ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። የመጨረሻዋ ሴት ጀሪካኗን ተሸክማ ስትሄድ ቀረብኩ።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኳት። «ያንቺን መኖር ረስቼ ጻፍኩ። ሰበብ የለኝም። ገጹን ዝጊው ካልሽኝ ዛሬውኑ እዘጋዋለሁ።»

ቧንቧው ጠብ ጠብ ሲል ተነሥታ አጠበቀችው።

«እትዬ፣ ያነበብኩት አምስት ሰዓት ላይ ነው» አለችኝ። «ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ተቀምጬ ነበር። ቦኖ የሚለውን ሳይ የኛ ሰፈር ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሁልጊዜ ነው የማነብሽ። ቀጥሎ ሦስት ጊዜ ዞር ብለው የሚለው ጋ ስደርስ፣ ሌላ ሰው እንዳያየው ስልኩን ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። ስም የለውም እኮ፣ ሌላ ሰው ይሆናል አልኩ። ግን ሦስት ጊዜ ዞር የሚል ሌላ ሰው የት አለ?»

«እናትሽ ጋ አልደወልሽም?»

«ደወልኩ። አባዬስ? አልኳት። ተኝቷል፣ ነገ ፈተናሽን ጨርሰሽ ደውዪ አለችኝ። ድምፅዋ ላይ ምንም አያስታውቅም። እንዴት አድርጋ እንደቻለችው እስካሁን አላውቅም። ከዚያ መናኸሪያ ሄድኩ። ደባርቅ የሚል ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት ብለሻል፤ እደርስ ነበር። ሊሞላ ሁለት ሰው ሲቀረው ወረድኩ።»

«ለምን ወረድሽ?»

«እናቴ አንጀቷን አስራ የዋሸችኝ እንድፈተንላት ነው። ብመጣ ያ ሁሉ ከንቱ ሊቀርባት ነው። ስለዚህ ተመለስኩ። ተፈተንኩም። ምን እንደጻፍኩ አላስታውስም፤ ግን ተፈተንኩ።»

ከሩቅ አንድ ሰው ጀሪካን ይዞ ሲመጣ አየችና ጠበቀችው። ቀድቶ ሲሄድ ቀጠለች።

«አጎቴ መጣ። ሙዝ ገዛልኝ። አባትሽን ትንሽ አሞታል አለኝ፤ እግዚአብሔር ይማረው አልኩት። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ቆሎ ገዛልኝ፣ ልበላለት ሞከርኩ። ዳባት ስንደርስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔ ካየሁት ሊያለቅስ አይችልም። ስለዚህ የተኛሁ መሰልኩ። ከዳባት እስከ ደባርቅ ድረስ ዐይኔን ጨፈንኩለት፣ እሱ አለቀሰ።»

እዚህ ላይ አልቻልኩም። ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ እሷ ናት ያባበለችኝ። ይህን ሳስታውስ አሁንም አፍራለሁ። በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችና፣ «እንዳትዘጊው» አለችኝ። «ከዘጋሽው ቦኖው የማይከፈትበትን ቀን ማን ይነግረናል? ለቅሶም ጻፊ። ግን መጀመሪያ ያልተረዳ ሰው አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። አለ ካሉሽ ደግሞ ዝም ብለሽ አትመለሺ። ለቀብር ይደርሳል ወይ በያቸው። የሚደርስ ከሆነ ይንገሩት እትዬ። እኔ እደርስ ነበር።»

ቆለፈችና ተነሣች። አብረን ስንሄድ ሦስት ጊዜ ዞር ስትል ቆጠርኩ።

ሱቄ እንደደረስኩ ካርቶኑን አወረድኩ። ከአምስቱ ጥያቄዎች በላይ፣ በትልቁ፣ «ያልተረዳ አለ? ለቀብር ይደርሳል?» ብዬ ጻፍኩበትና መልሼ ሰቀልኩት።

ጥያቄው ቶሎ ተፈተነ። አንዲት አሮጊት ዐረፉ፤ ልጃቸው አምባ ጊዮርጊስ እህል ይነግዳል። ቤተሰቡ የቀብሩን ሰዓት እንድጽፍ ጥሩንባ ነፊውን ላከልኝ። ጠየቅኳቸው። ልጁ አልተረዳም፣ ልቡ ደካማ ነው፣ ከቀብር በኋላ ይነገረዋል አሉኝ። ለቅሶ ቤቱ ድረስ አብሬያቸው ሄጄ ለቤተሰቡ፣ «ይደርሳል እኮ፣ ለምን እናቱን አይቀብርም?» አልኩ። «አንቺን ምን አገባሽ?» ተባልኩ፤ ሌላም ሌላም ተባልኩ። እውነት ነው፣ አያገባኝም ነበር። ግን አልሄድም አልኩ። በመጨረሻ ጥሩንባ ነፊው፣ «ተአምባ ጊዮርጊስ እስተዚህ ምን ያህል ነው? ሁለት ሽማግሌ መኪና ይዘው ይሂዱና እዚያው አርድተው ያምጡት፤ ቀብሩ ጥቂት ይቆየው» አሉ። ሄዱ። እኔ ጽሑፉን አዘጋጅቼ ጣቴን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። ስልኬ ጠራና «ተረድቷል፣ ይዘነው እየመጣን ነው» ሲሉኝ አወጣሁት። ልጁ ሁለት ሰው ደግፎት ደረሰ፤ ልቡም ቀጥ አላለም። አፈር ሲያለብስ አየሁት።

የቦኖው አባት አርባ ሲቃረብ ልጅቷ ሱቄ መጣች። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች።

«ያን ጽሑፍ ሰርዘሽዋል አይደል?»

«ያኔውኑ ነው የሰረዝኩት።»

ደብተሩን ከፍታ ሰጠችኝ። የፈተና ማጥኛዋ ነው። በቀመር በተሞላው ገጽ ጠርዝ ላይ፣ በጠባብ ቦታ፣ እየተጣደፈ በጻፈ እጅ ጽሑፌ ቃል በቃል ተገልብጧል። ቦኖው የማይከፈት መሆኑ፣ ቁልፉ፣ ሦስቱ መዞር፣ ዘጠኝ ሰዓት። መኪና የማያልፍበት መንገድ እንኳ አልቀረም።

«ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጬ ነው የገለበጥኩት» አለችኝ። «ካርዴ ሊያልቅ ነበር፣ ገጹ ይጠፋብኛል ብዬ ፈራሁ። ስለ አባዬ እንደዚህ የጻፈ ሰው የለም። ለአርባው መልሰሽ አውጪው። ስሙንም ከነአባቱ ጻፊው፤ አሁን የሚደበቅ ነገር የለም።»

አጠገቤ ወንበር ስቤ አስቀመጥኳትና አብረን ጻፍነው። ስማቸውን እሷ ነገረችኝ፣ እኔ መታሁት። ሦስት ጊዜ ስለ መዞራቸው ያለውን እንዳለ ተውነው። ተዝካሩ የት እንደሚወጣ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ከገጠር የሚመጣ ሰው በየት እንደሚገባ ጨመርን። እንደ ልማዴ ወደ ካርቶኑ ቀና ብዬ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። እሷም አየቻቸው። የላይኛውን ስታነብ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ተመለከትኩ።

«አንድ መስመር ልጨምር?» አለችኝ።

ኮምፒውተሩን ወደሷ አዞርኩላት። በሁለት ጣቷ፣ ፊደሉን እየፈለገች ቀስ ብላ መታች፦

«ልጃቸው ተረድታለች። ቦኖው ነገም ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ይከፈታል።»